የቆማ ቀሯ የገና ልብስ

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ይህን ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ነበር የምናገረው፤ አሁን ዕድሜዬም ስለገፋ እቅጩን ልናገር። እህቴ ባገኘችው ባል ቀንቼ አውቃለሁ፤ በጎረቤቴ ላምም ቀንቻለሁ። ይሄ ማንንም ሰው የሚያገኘው ነው። የሚያሳፍረኝ ራስና እጅ በሌላት፣ በአንድ የብረት እግር በምትቆም የጨርቅ አሻንጉሊት ቀንቼ ምሳዬን መብላት ማቆሜ ነው። ያውም በገዛ እጄ አውጥቼ በሰጠኋት።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ዳር ስፌት ቤት ነበረኝ። ባጃጅ ገና አልመጣም፤ መንገዱ የፈረስ ጋሪ ነበር። አሻንጉሊቷን ያመጣኋት ከደብረ ማርቆስ ነው። አንዲት ዓይናቸው የደከመ ልብስ ሰፊ የእግር መኪናቸውን ሲሸጡልኝ "እሷንም ውሰጃት፣ ከመኪናው ጋር አብራ የኖረች ናት" አሉኝ። በጣልያን ጊዜ የመጣች ናት ይባላል፤ በየትኛዋ ሴት አካል ልክ እንደተሠራች ግን የሚያውቅ የለም። ልብስ ሲሰፋ እያለበሱ የሚያዩባት፣ ደረትና ወገብና ዳሌ ብቻ ናት። በአንሶላ ጠቅልዬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኳት፤ ደምበጫ ላይ አንድ መንገደኛ አስከሬን መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ። ቤት አድርሼ ስገልጣት ወገቧን ማጥበቢያው ብሎን ዝጎ አልዞር አለኝ፤ ቡናማ ጨርቋም በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኗል። ጥግ አቁሜ ኮትና ጃንጥላ ሰቀልኩባት፤ ስሟንም "ቆማ ቀር" አልኳት። ባሌን ፈትቼ ብቻዬን የምኖር ነበርኩና ስሙን ሲሰሙ ወደ እኔ እያዩ የሚስቁ ደንበኞች ነበሩ። ይሳቁ ብዬ ተውኳቸው።

ልጅቷ የመጣችው ከማንኩሳ ገጠር ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣላት ሲል አባቷ "ሙያ አስይዥልኝ" ብለው አምጥተው ሰጡኝ። አምስት ዓመት አብራኝ ሠራች። መጀመሪያ ቁልፍ መትከል፣ ቀጥሎ ጠርዝ ማጠፍ፣ በኋላ ቀሚስ መቁረጥ። እጇ ፈጣን ነው፤ ከእጇ የሚብሰው ግን ዓይኗ ነበር፣ አንድ ጊዜ ያየችውን አትረሳም። ደንበኞቼ "እሷ ትለካን" ማለት ሲጀምሩ ሆዴ ሻከረ። በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ እኔው ፊቱ ተቀምጬ፣ "ልጅቷ የለችም?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዴት እንደሚያንገበግብ ያልደረሰበት አያውቀውም።

አንድ የጥቅምት ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ መጣች።

"እታለም፣ ልጅቱ ራሷን ልትችል አስባለችና መርቀሽ ሸኛት" አሉኝ።

በእኛ ሙያ ሠልጣኝ ስትወጣ አሠሪዋ አንድ የሥራ ዕቃ መርቃ ትሰጣታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ መቀስ ነው። ሁለት ጥሩ ጥሩ መቀስ ነበረኝ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ጠረጴዛው ያዩ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ጃንጥላዬን ከቆማ ቀሯ ላይ አወረድኩና እሷኑ እየጎተትኩ ልጅቷ ፊት አቆምኳት።

"በይ እንግዲህ" አልኳት፤ "ልክሽን ያሳይሽ።"

ለልብስ ሰፊ ልክ ማየት እንጀራው ነው። የቀረውን ግን ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው መፍታት አያስፈልግም፤ አንደኛው ሽማግሌ ሳል ሳል አላቸው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፣ "አሜን፣ እትዬ" አለች፣ ቆማ ቀሯን እንደ ሕፃን አዝላ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ሳቅሁ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ኅዳር ላይ ሱቅ ከፈተች፤ ያውም ከእኔ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ። ቀና ባልኩ ቁጥር እሷ ናት።

በዚያ ዘመን የገና ዛፍ ማስጌጥ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወደ እኛ ከተማ መድረስ ጀምሮ ነበር። ዛፉ ግን ከየት ይምጣ? ጥድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ያን ለመቁረጥ የሚደፍር ደግሞ የለም። ልጅቷ ዛፉን ከቆማ ቀሯ ሠራችው። ጎረቤቷ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ የአረንጓዴ ጨርቅ ቁርጥራጭ እየሳቁ ሰጧት። እሷም እየሸነሸነች ከአሻንጉሊቷ ወገብ እስከ መሬት ደራረበችው፤ ላዩ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ አለ። የተራረፈ ቁልፍ በክር ሰክታ እንደ ድሪ ደረቷ ላይ አጠለቀችላት። ራስ መኖር በነበረበት አንገቷ ላይ ከቆርቆሮ የቆረጠችውን ኮከብ ተከለች። የእንኳን አደረሳችሁ ፖስት ካርዶች በስፒል ሰካካች፤ ቦግ እልም የሚል የመብራት ገመድ ዙሪያዋን ጠመጠመች። በመጨረሻ ባዘቶ ጥጥ ትከሻዋ ላይ በተነችና በረዶ ነው አለች።

ጋሪዎች ይቆሙ ጀመር። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ መስኮቷ ላይ ተለጠፈ። አንድ ቀን አህያቸውን የሚነዱ አንድ የገጠር ሰው ቆመው ሲያዩ እኔም ከበሬ ላይ ሆኜ አዳምጥ ነበር።

"ይኸ ጥጥ ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሏት።

"በረዶ ነው፣ አባቴ።"

"በረዶ! አምና ጤፋችንን የጨረሰው አነሰና ለበዓል ደግሞ ትጠሩት ጀመር?" አማትበው አህያቸውን ነዱ።

በሳቅ ሞትኩ። ቀልዱን ለደንበኞቼ ሁሉ ነገርኩ፤ መቼም እሷ ላይ የተቀለደ መስሎኝ ነው። እኔው ያወራሁት ወሬ ገበያውን አዳርሶ ቡሬ ደረሰና ከቡሬ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ "በረዶ የለበሰችዋ የታለች?" እያሉ እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። በጣቴ እያመለከትኩ አሳያቸዋለሁ።

እኔም ዝም አላልኩም። ከአንድ የማውቀው ገበሬ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስመጥቼ፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜ፣ ብልጭልጭ ወረቀት አሰርኩበት። በሦስተኛው ቀን ደርቆ ቅጠሉን አራገፈ፤ ወረቀት ያሰሩበት መጥረጊያ መሰለ። አንዲት ደንበኛዬ "ምነው፣ ምን ነካው?" ብላ ስትጠይቀኝ አውጥቼ ጣልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሠራ አለኝ። መኪናውን እየረገጥኩ ዓይኔ መንገዱን ይሻገራል። የቆማ ቀሯ ወገብ እንዲህ ቀጭን መሆኑን እኔ ቤት ስትኖር አይቼው አላውቅም። ስንት ዓመት ጃንጥላ የሰቀልኩባት አሮጌ ዕቃ ለእሷ ስትሆን ምን ቆነጃት? የእኔ ነበረች እኮ! እያልኩ እበግናለሁ። አንድ ቀን ክብሪት የምገዛ መስዬ ተሻገርኩና ልጅቷ ጓዳ መግባቷን አይቼ መስኮቱ ጋ ተጠጋሁ። አንገቷ ላይ፣ ከኮከቡ ሥር፣ አንድ ካርድ ተንጠልጥሏል። የልጅቷ ጽሑፍ ነው፦

"እትዬ መርቀው የሰጡኝ። ልክሽን ያሳይሽ ብለውኛል።"

አጠገቤ የቆመች አንዲት ነርስ "እርስዎ ነዎት የሰጧት? ምን ዓይነት ደግ ሰው ነዎት!" አለችኝ። "ምን አለበት፣ ልጄ ማለት እኮ ናት" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ለካ ሰው ሁሉ ልካችንን አሳዪን እያለ እየተሳሳቀ የሚገባው ይህን እያነበበ ነው። እስከ ዛሬ የማላውቀው ልጅቷ ነገሩ ሳይገባት ነው የጻፈችው ወይስ ገብቷት። ሰላምታን እንኳ ሰምና ወርቅ አድርጎ የሚሰማ አገር ያሳደጋት ልጅ ናት። ሳይገባት ከሆነ በየዋህነቷ ቀናሁ፤ ገብቷት ከሆነ ደግሞ በብልሃቷ። በሁለቱም መንገድ ተቃጠልኩ።

የባሰው ገና ነበር። ጎረቤቴ ሴት ልጇን ለጥር ልትድር ነው። የዚያችን ልጅ የክርስትና ልብስ የሰፋሁ እኔ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሰፋሁ እኔ። ቬሎዋን ማን እንደሚሰፋ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም ብዬ ሳቲኑን በዓይኔ መርጬ አስቀምጫለሁ። በዚያ ቀሚስ ሠርጉ ላይ ከተማው ሁሉ ይሄ የማን እጅ ነው ሲል፣ የማዶዋን አሻንጉሊት ይረሳታል የሚል ተስፋ ነበረኝ። እናቲቱ አንድ ቀን መጣችና ነጠላዋን እየቆነጠረች ቁጭ አለች።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝ" አለችኝ። "እዚያ ማዶ ካልሆነ አላገባም አለችኝ። አሻንጉሊቷ ላይ ያየችው ወገብ ልቧን ወስዶታል። እጅጌ ብቻ ይኑረው፣ ክንድሽ አይታይ ብያታለሁ።"

"ይቅናት" አልኳት። እሷ ከወጣች በኋላ የመረጥኩትን ሳቲን አስቤ አለቀስኩ። ሰው ሲሞት እንደዚያ ያለቀስኩ አይመስለኝም።

ገና መጣ፤ ገና ሄደ። ከበዓሉ በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ በአንሶላ የጠቀለለችውን ነገር ታቅፋ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከወጣች ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው።

"እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለችኝ።

አንሶላውን ገለጠችው፤ ቬሎው ነው። እውነት ለመናገር ወገቡ ያምራል። ሙሽሪት ትናንት ለልኬት መጥታ ለብሳው፣ መስታወት ፊት ቆማ በደስታ እስክስታ ሞከረች። ትከሻዋን ስትሰብቅ ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ክንዷን ስታነሳ ብብቱ ላይ ጥርር ብሎ ተተረተረ። ሠርጉ የጥምቀት ማግስት ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

"አሻንጉሊቷ ላይ እኮ ፍስስ ብሎ ነው የተቀመጠው!" አለች ልጅቷ።

"አሻንጉሊቷ መቼ እጅ አላት" አልኳት።

ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የብብቱ ቅድ ወርዷል፣ እጅጌው ጠቧል። ገና ሳየው ነው ያወቅሁት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አይድንም ብላት እናቲቱ ሳቲን ይዛ እየሮጠች ወደ እኔ ትመጣለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ደግሞ እኔው አድኜው ከተማው ሁሉ እኔ እንዳዳንኩት ቢያውቅስ ብዬ አሰብኩ። ይኸኛው ይበልጥ ጣመኝ።

"በይ ተይልኝና ሂጂ፣ አየዋለሁ" አልኳት።

"ይሥሩልኝ ብዬ አልመጣሁም" አለች። "ያሳዩኝ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ አሳይሻለሁ። ነጭ ክር አልቆብኛል፤ እስቲ ሮጥ ብለሽ ገዝተሽ ነይ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ያን አምስት ዓመት እጅጌ የሚገባበት ሰዓት በደረሰ ቁጥር ክር ግዢ ብዬ እልካት ነበር። ስትመለስ እጅጌው ገብቶ ያልቃል። ቁልፉንም፣ ጠርዙንም፣ አቆራረጡንም አይታለች፤ እጅጌ ሲገባ ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ሦስት ጥቅል ነጭ ክር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከዚያ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

አመለጥኩ ብል የማመልጥበት አልነበረኝም። ምላጭ አንሥቼ የተተረተረውን እጅጌ እስከ ትከሻው ፈታሁት። የብብቱ ቅድ ከየት መነሣት እንዳለበት በሳሙና ምልክት አደረግሁ። ከትርፉ ሳቲን ለብብቱ የምትሆን ትንሽ ቁራጭ ቆርጬ አስገባሁ፤ የእጅጌውን አናት ሰብሰብ እያደረግሁ በጊዜያዊ ስፌት ያዝኩት። ልጅቷ ራሷ እጇን አንሥታ እንድትሞክረው አለበስኳት፤ ክንዷ ወደ ላይ ሲወጣ ቀሚሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ እንደገና ክንዷን አወጣች፣ እንደገና አወረደች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በደስታ ነው ብዬ ነበር።

"አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ለምን ደበቁኝ?" አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። ደንበኛ ይበዛ ነበር፣ ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር።

"ካወቅሽው ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ" አልኳት።

ቀሚሱን ቀስ ብላ አወለቀችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ እኮ የሄድኩት ስላላሳዩኝ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን እጅጌ አቀበለችኝ።