በሬ ላይ የተተከለው ድንኳን

ነቀምቴ ዳር፣ ቤቱ ሁሉ መንትያ፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቁልፉ ሁሉ በጅምላ የተገዛ በሆነ የማኅበር ሰፈር ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ። ሰሞኑን አኖ ከተማ ሰንብቼ ስመለስ የዕድር ድንኳን በሬ ላይ ተተክሎ ጠበቀኝ። በር ተሳስተው ይሆናል ብዬ ገብቼ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እዚህ ብቻውን የሚኖረው መምህር» አሉኝ። «ድሮ አጥር ሳይኖር ማን ምን ወጥ እንደሠራ እንኳ እናውቅ ነበር። አሁን በሩ ላይ ወድቆ ስናገኘው መልኩን የሚያውቅ ጠፋ። እሱ መሆኑን ያወቅነው ኪሱ ውስጥ የነበረው ቁልፍ በሩን ሲከፍት ነው።»

«መምህሩ እኮ እኔ ነኝ!» ብዬ ቁልፌን አወጣሁ።

እሳቸውም የሟቹን ቁልፍ አውጥተው ከእኔው ጋር አስተያዩት። ጥርሱ አንድ ነው።

«ያ ዋቃ!» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ጠዋት የቀበርነው ማንን ነው?»