የተቆረጠው የዘይት መብራት ሽቦ

ወባ አልጋ ላይ ጥሎኝ በከረመ ጊዜ መኪናዬን ለእህቴ ባል ሰጠሁት። ከከሚሴ ሰንበቴ ገበያ ድረስ ሰው የማመላልስባት፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። እሱ አማቼ ከመሆኑ በፊት ጓደኛዬ ነበር። መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እህቴን ሲጠይቅም አባቴን ያግባባሁለት እኔው ነኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሞተር ዘይት እንኳ በማኅበር በኩል በራሽን ነበር የሚሰጠን።

ድኜ ስነሳ ቁልፉን ይዞ ቤቴ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍክልን» አለኝ። «መኪናህም ሰላም ናት።»

አብረን ወጥተን ቁልፉን ሳዞረው ቀይዋ የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራችም። ሞተሩ ሳይነሳ መብራት፣ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት ነበረባት።

«አምፖሏ ተቃጥላለች» አለ። «ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ሳገኝ አስመጣልሃለሁ።»

«ዘይቱስ?»

«አብሽር፣ ሞልቼዋለሁ።»

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ቀላል ነበር። እሱ ሞልቼዋለሁ ካለኝ በኋላ እሱው ፊት መዝዤ ማየት ግን ነውር መሰለኝና ተውኩት።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ተሳፋሪ ሞልቼ ጨፋ ሮቢትን እንዳለፍኩ ከሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነዳጅ ስሰጠው ይብሳል። የካንዴላ ችግር ቢሆን ሞተሩ ይንተፋተፋል እንጂ እንዲህ ከሥሩ አይደበድብም። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ዘንጉን ስመዘው ደርቋል።

«ማል ታኤ?» አሉኝ በሬ ሊገዙ የወጡ ሽማግሌ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«ዘይት የለውም፣ አባቴ» አልኳቸው። «የማይገባኝ መብራቷ ለምን ዝም እንዳለች ነው።»

ተሳፋሪዎቹን አንድ የጭነት መኪና ወሰደልኝ። እኔ ቀረሁና አምፖሏን ነቅዬ እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የፍሬቻ ማሳያ አምፖል በቦታዋ አደረግሁ። አልበራም። የእሷን በፍሬቻ ማሳያው ቦታ ብሞክራት በራች። አምፖሏ ደህና ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ የዘይቱን ግፊት ከምትለካዋ ዕቃ ሽቦውን ነቅዬ ብረት አስነካሁት። መስመሩ ጤነኛ ቢሆን መብራቷ መብራት ነበረባት፤ አልበራችም። ሽቦውን በጣቴ እየተከተልኩ መሪው ሥር ገባሁ። እዚያ ጋ ተቆርጧል። የተቃጠለ ሽቦ ይጠቁራል፣ የተፋተገም ይሳሳል። ይሄ በቢላ ተቆርጦ፣ ሁለቱም ጫፍ ለየብቻ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

መኪናዋን በትራክተር አስጎትቼ ከሚሴ ስመለስ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ባልና ሚስቱ ምሳ ላይ ነበሩ።

«ሽቦውን ለምን ቆረጥከው?» አልኩት።

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው። «ወላሂ ልጎዳህ ብዬ አይደለም። መብራቷ እየበራች አስቸገረችኝ። ዘይት አጣሁ። ተሳፋሪ አይቶ ይነግርሃል ብዬ ፈራሁ።»

«እየበራችም ነዳሃት?»

«ገበያው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

እህቴ ትሪውን እያየች «አትንገረው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሕመምህ ላይ እንዳይጨመርብህ። ስትድን ቀስ ብለን እንነግርሃለን ብለን ነው።»

«ድኜ ቁልፉን ስቀበልስ?»

እህቴ ትሪውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

የእሱ ውሸት አናደደኝ። የእሷ ማወቅ ግን ባሰብኝ። ታምሜ ሳለሁ ጠዋት ማታ አጥሚት ይዛ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ስለ መኪናዋ ስጠይቃት ላቤን እየጠረገች «ደህና ናት፣ አንተ ብቻ ዳን» ትለኝ ነበር።

ሞተሩ ሲከፈት ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ብሮንዚኖች ተበልተው አልቀዋል። መለዋወጫ እስኪገኝ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ከረመች፤ እኔም በሰው መኪና ተቀጣሪ ሾፌር ሆንኩ። አማቼ ሽማግሌ ላከ። ዱዓ ተደረገ፣ ይቅር አልኩት። ከቆመ አሮጌ መኪና በተገኘ ዕቃ ሞተሩ ተጠግኖ እንደገና ልንዳልህ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እምቢ አልኩ።

እህቴ በየኢዱ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። እንሳሳማለን፣ ልጆቹን አጫውታለሁ። እኔና እሷ ብቻችንን ስንቀር ግን አንዳችን ሰበብ ፈጥረን እንነሳለን።