የእትየ ደብሪቱ አንቀልባ

እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የእትየ ደብሪቱ ነገር በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እትየ ደብሪቱ ደባርቅ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የሚቸረችሩ ጎረቤቴ ነበሩ። ምላሳቸው አይጣል ነው! ሚዛን የሚያጓድል ነጋዴ ካዩ ገበያውን ሰብስበው ነው የሚያዋርዱት። ሰባት ወልደው ሰባቱንም አሳድገዋል። እኔ ታንጉት ግን ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ሦስተኛዋን ሳረግዝ ሆዴን ዳበስ አድርገው "ይችን በኔ አንቀልባ ነው የምታዝያት" አሉኝ። እኛ ሰፈር ልጅ አላድግ ያላት እናት፣ ሁሉም ካደጉላት ሴት አንቀልባ ትዋሳለች። ቆዳው የጠቆረ፣ ዛጎሉ የረገፈ አሮጌ አንቀልባ ነው፤ ለኔ ግን የልጄ ነፍስ ነበር። ስጦታን ስወልድ "ክርስትና እስክትነሣ አትታዘልም" ብለው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው አቆዩልኝ።

በዚያው ሰሞን የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ ይባላል። ከሴቶች ማኅበር ጥቂት እናቶች አዲስ አበባን ሊጎበኙ ነው ተባለ፤ እትየ ደብሪቱም ተመረጡ። ደስታቸውን ባያችሁ! ከጎንደር ወዲያ አገር አያውቁም። አዲስ አበባ የተማረው መምህር ሀብተ ሚካኤል መንገዱን አስረዳቸው። አምስት ኪሎ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ በእግር ሽቅብ ሲወጡ ስድስት ኪሎ ሌላ ሙዚየም፣ ፊት ለፊቱ አንበሶች ያሉበት ግቢና መናፈሻ።

"አንበሳው ያገሳል?" አሉት።

"ጠዋት ጠዋት ያገሳል።"

"እንግዲያ ሙዚየሙ ይቆየን፤ መጀመሪያ አንበሳው ዘንድ ነው የምንሄድ።"

ዳቦ ቆሎ ቆሉ፣ ነጠላቸውን አጠቡ። አብራቸው ከምትሄደው ከይመኙሻል ጋር በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ ተባብለው ተኳረፉ።

ከዚያ የቀበሌው ካድሬ ያርጋል መጣ። ተጓዦቹ ለሙዚየም የሚሰጥ የባህል ዕቃ ይያዙ፣ ጎረቤቶቻችን ዳባቶች አዘጋጅተዋል፣ እኛ ከማን እናንሳለን አለ። እትየ ደብሪቱ ቤት ገብቶ አንቀልባውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"ይኸን ነው የምትወስጅ!"

እናቱን ለሚያህሉ ሴት አንቺ ይላል፤ ምላሱ ይቆረጥ!

"እሱ የታንጉት ልጅ ሊታዘልበት ነው። ቅል ልስጥህ፤ ሙዳይም አለኝ" አሉት።

"ቅል የትም አለ። አንቀልባ ልጅ ያሳድጋል የሚባለው ኋላ ቀር እምነት ነው። እምቢ ካልሽ ጉዞው ይቀርብሻል።"

ይኸን ስሰማ ስጦታን ደረቴ ላይ አጣብቄ፣ አይቼው የማላውቀውን ሙዚየም እረግም ጀመር። እሱ ልጅ ቀብሮ ያውቃል? ምን ያውቃል እሱ!

ዕቃው የሚሰበሰብበት ቀን፣ ስጦታ ክርስትና በተነሣች በሳልስቱ፣ እትየ ደብሪቱ መጡና ከእቅፌ ወስደው በአንቀልባው አዘሏት። ተከትያቸው ሄድሁ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ያርጋል "ዕቃሽ የታለ?" ቢላቸው ዞረው ጀርባቸውን ሰጡት።

"ይኸው! ከነሕፃኗ ጫነው። እናቷንም ጫናት፣ ጡት ታጠባታለች። እኔንም ጫነኝና ሁላችንን እዚያው ስቀለን!"

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያርጋል ግን ፊቱ ደም መሰለ። "ትቅር!" አለ፤ ቀሩ። ዳቦ ቆሎውን ለይመኙሻል አስታቅፈው ሸኟት። አንበሳውን ሳያዩ ነው የሞቱት፤ እኔን እርር ድብን የሚያደርገኝ ይኸ ነው።

ይመኙሻል ስትመለስ ከበን ወሬዋን ሰማን።

"አንቀልባማ እዚያ ሞልቷል" አለች። "አንዱ ሙዚየም ውስጥ መስታወት ገብቶለታል። የጨርቅ ሕፃን ሠርተው አዝለውበታል።"

እትየ ደብሪቱ ብድግ አሉ። "የምን?"

"የጨርቅ፣ እትየ። ዓይን ሁሉ ተሰፍቶለታል።"

"የጨርቅ ልጅ አይሞትም!" አሉ። "የማይሞት ልጅ ሊያዝልበት ነው የዚችን ሊነጥቃት የነበረ?"

ስጦታ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። መጥተው የአንቀልባውን ጠፍር ጠበቅ አደረጉልኝና ወደ ሽንኩርታቸው ሄዱ።