ከቂርቆስ ካዛንቺስ በአንድ ጀሪካን ጠጅ

እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቂርቆስ

ካዛንቺስ ለምሳ የተጠራ ሰው በዚህ ሰዓት አይነሳም። ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ አስካለ ግን ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል።

«ጠጁ ፀሐይ ሳይመታው መድረስ አለበት።»

ዛሬ የእጮኛዬ ቤተሰቦችና የኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይተያያሉ። ምግብ ቤት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ደግሞ «ልጄን በሰው መጠጥ ልድር?» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ከፍቷቸው ሰንብቷል።

ደምበል ጋ

የኮንትራት ላዳ ይዘናል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እትዬ «ቀስ በል!» ይላሉ።

«እማማ፣» አለ ሾፌሩ፣ «ሚስቴን ምጥ ይዟት እንኳ እንዲህ ቀስ ብዬ አልነዳሁም።»

ካዛንቺስ፣ ምግብ ቤቱ በር

ዘበኛው የግድግዳውን ጽሑፍ አሳየን፦ ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

«ይሄ መጠጥ አይደለም፤ ጠጅ ነው» አሉ እትዬ።

«እናቴ፣ የታሸገ ቢሆን የመክፈቻ ከፍለው ያስገቡ ነበር። የቤት ግን በፍጹም።»

ጀሪካኑ የዘበኛው አግዳሚ ሥር ገባ። እዚያ ሌላ ነጭ ጀሪካን አለ። «አንዲት እናት ቀድመዋችሁ ትተውት ሄዱ» አለን። እትዬ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ጌሾው በዝቷል» ብለው ፈረዱ።

ምሳ ላይ

ክትፎና ለስላሳ ቀርቧል። የእጮኛዬ እናት ወይዘሮ ፋናዬ ከ«ብሉ እንጂ» ሌላ አይናገሩም። እትዬም እንደዚያው። ነገሩ ሊበላሽብኝ ነው አልኩ በልቤ።

ወይዘሮ ፋናዬ «እጄን ልታጠብ» ብለው ወጡ። እትዬ «ነፋስ ልቀበል» አሉ። ሁለቱም ቀሩ። ከእጮኛዬ ጋር ተከትለን ወጣን።

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነጩም ቢጫውም ተከፍቷል። እንደ ደንቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀምሰው ለሌላዋ ቀድተዋል። ዘበኛውም ኩባያ ይዟል።

«ከበር ውጭ ነው፤» አለኝ ሳልጠይቀው፣ «ክልክሉ ውስጥ ነው።»

እትዬ ነጩን ጀሪካን እያዩ «ጌሾው ልክ ነው» አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። ወይዘሮ ፋናዬ ማሩን ከየት እንደሚገዙ ጠየቋቸው። ከዚያ የሰርጋችንን ወር ቆረጡልን፤ ድግሱ ድንኳን ውስጥ፣ ጠጁንም ሁለቱ አብረው ሊጥሉ። እኛን ማን ጠይቆን!

መመለሻ

ያው ላዳ መጣ። ጀሪካኑ ባዶ ነው።

«አሁንስ ልፍጠን እማማ?»

«እንደፈለግህ ንዳ ልጄ፣» አሉ እትዬ፣ «የያዝኩትን አድርሻለሁ።»