ልቅሶ ያልወጣለት ሕፃን

በንጉሡ ዘመን፣ በአገው አገር ያለችው ቆሰበር ገና ትንሽ መንደር ሳለች፣ እኔ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ አቅራቢያ ባለች አንዲት ደብር በድቁና አገለግል ነበር። ታናሽ እኅቴ በዚያው አጥቢያ ተድራ ነበርና የበኩር ልጇን በክረምት ወለደች። ወንድ ነበር። የክርስትናው ቀን ሳይደርስ ታሞ ዐረፈ።

በአገራችን ልማድ ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ፍትሐት አይደረግም፤ ልቅሶም አይወጣለትም። አባቱ ከቀርከሃው አጥር ሥር ቀበረው፤ ጎረቤቱም "እግዜር ይተካ" ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። እናቲቱን ግን ሴቶቹ እንዳታለቅስ ከለከሏት። የአራስ እንባ ማሕፀን ያደርቃል ይባል ነበርና።

ዲያቆን አራስ ቤት ገብቶ ወደ መቅደስ ሊመለስ አይገባውም። ስለዚህ ከደጅ ቆሜ በጭቃው ግድግዳ በኩል አነጋገርኋት። ጡቷ አግቶ ትኩሳት ይዟታል፤ አማቷ የሚያቀርቡላትን አጥሚት አልቀምስም ካለች ሰንብታለች። ሰውነቷ እየመነመነ ስለ ሄደ ሁላችንም ለነፍሷ ፈርተን ነበር።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አልኋት።

"ጉሮሮዬን። አንድ ነገር ተወትፎበታል፤ አይወርድ፣ አይወጣ።"

"እስቲ አልቅሺ፣ እኅቴ።"

"አማቴ አይፈቅዱም።"

አማቷ ድምፄን ሰምተው ብቅ አሉ። "ዲያቆን፣ የማሕፀን ትምህርት ደግሞ በየትኛው ጉባኤ ቤት ተማርኸው?"

"አልተማርሁም፣ እመይቴ። ነገር ግን ጌታችንም በወዳጁ መቃብር አልቅሷል።"

"እሱማ ወንድ ነው፤ የሚደርቅበት የለው" አሉና በገዛ ድፍረታቸው ደንግጠው አማተቡ።

ከዚያም ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ዝናቡ አባርቶ ክዳኑ ብቻ ያንጠባጥብ ነበር።

"እኔም እንዲህ ሳይጠመቁ የቀበርኋቸው አሉ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንድም ቀን አላለቀስሁ። ኋላ ባሏን ወለድሁ። የሚዳነው እንዲህ ነው።"

"ዳኑ ወይ፣ እመይቴ?"

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። "በይ እንግዲህ፣ ልጄ" ሲሏት ሰማሁ። የእኅቴ ድምፅ መጀመሪያ እንደ ሳል ሆኖ ወጣ፤ ቀጥሎ በልጅነታችን በምንነጋገርበት በአገውኛ እንጉርጉሮ ሆነ። ሕፃኑ የክርስትና ስም አልነበረውምና "የኔ አካል" እያለች ጠራችው። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ድምፅ ተጨመረበት። የአማቷ ነበር።

በማግሥቱ አጥሚቱን ጠጣች፤ ትኩሳቱም ውሎ አድሮ ለቀቃት። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወለደችም። የመንደሩ ሴቶች ነገሩን በእንባዋ አሳበቡ፤ አማቷ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ነገር አልወቀሷትም።

ከብዙ ዘመን በኋላ እንባ ማሕፀን እንደማያደርቅ ከሐኪም አፍ ሰማሁ። ያጽናናት ይሆናል ብዬ ሄጄ ነገርኋት። በዚያን ጊዜ ጠጕሯ ሸብቷል።

"ቢያደርቀውስ?" አለችኝ። "እኔ ባላለቅስለት ያ ልጅ ማን ነበረው?"