በእጄ ያደስኩት አንቲቫይረስ

ባለፈው ሰኞ አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄ አንቲቫይረስ በራሱ እየታደሰ ኮምፒውተሬን አንቀራፈፈብኝ። ያጥፉልኝ፣ በእጄ አድሰዋለሁ» ብትለኝ ጮኽኩባት። ይቅርታም አልጠየቅኋት። በእጄ የሚሉ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመቱ እኔ ነኝ።

ያኔ አዳማ፣ ከዩኒቨርሲቲው በማይርቅ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ ነበር። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ቀርፋፋ መስመር። አንቲቫይረሱ መታደስ ሲጀምር መስመሩን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ደንበኛው ያጉረመርማል። እኔ ብልጡ አውቶማቲኩን ከስድስቱም ላይ አጠፋሁት። ሰኞ ሰኞ ማደሻውን በአንድ ፍላሽ አውርጄ፣ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞርኩ እጭነው ጀመር። ተማሪዎቹ «ኢንጂነሩ» ሲሉኝ ደረቴ ያብጥ ነበር።

ግንቦት ገባ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ አቧራው በበሩ ሥር እየገባ ኪቦርዱ ላይ ይተኛል። ሁለት ሰኞ ሳላድስ አለፈኝ። ሰነፍኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው ሰኞ ያንኑ ፍላሽ አንስቼ ስድስቱም ላይ ሰካሁት። እሑድ ግን ጓደኛዬ ቤት ዘፈን ስገለብጥበት ነው የዋልኩት፤ ከዘፈኑ ጋር ቫይረስ ይዞ መጥቷል። ሦስት ሳምንት ያልታደሰው አንቲቫይረስ ከየት ያውቀዋል? በገዛ እጄ ለስድስቱም አደልኳቸው።

ጫልቱ የምትባል የቡልቡላ ልጅ ስለ አብያታ ሐይቅ መሸሽ የመመረቂያ ጽሑፏን ሦስት ወር እኛ ቤት ስትጽፍ ከርማለች። ጽሑፉ ያለው በፍላሿና በእኛ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ያን ሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ለማሳተም መጥታ የገመሰችውን ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፍላሿን ሰካች። የፋይሎቹ ስም አለ፤ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ። የእኛም ቅጂ እንደዚያው ሆኗል።

ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከጠዋት ጀምሮ ሲያብዱ አይቻለሁ፤ የማን ሥራ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ፍላሽሽ ነው» አልኳት። «ቫይረሱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ።»

ፍላሿን ከእኛ ቤት ሌላ የትም ሰክታው እንደማታውቅ ማለች። ሳቅሁባት። ባለቤቱ ሰምቶ መጣና በሰው ፊት አዋርዶ አባረራት። እያለቀሰች ስትወጣ ሳምቡሳዋን አንስቼ የጣልኩት እኔ ነኝ።

አልተመረቀችም። በዓመቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ጽፋ ለማሳተም መጣች። ከስታለች። ፍላሿን ከመስካቷ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ አለችኝ።

«ያኔ ሳላውቀው በኔ ምክንያት ኮምፒውተሮቻችሁ ተበላሹ። አፉ በለኝ።»

እውነቱን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። «ግድ የለም፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኳት። እኔ ይቅር አልኳት እኮ!

ባልደረባዬ እስካሁን አኩርፋኛለች። ኮምፒውተሯ ግን በራሱ ይታደሳል፤ ይንቀራፈፍ፣ ደግ አደረገ። እሷን ያላመንኳት መስሏታል። ለሥራ ሻሸመኔ ስወርድ ስንት ጊዜ በጫልቱ አገር በቡልቡላ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ከመኪናው አልወረድኩም።