አያ ደሳለኝ ሞተሩን ያጠፉ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አጎቴን አያ ደሳለኝን ልንቀብር በአስፋልቱ ዳር ከአስከሬናቸው ኋላ ስንጓዝ፣ ከቆላው ሙቀትና ከታጨደው ሰሊጥ ጠረን መካከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። አጠገቤ ያሉት ለቀስተኞች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ፤ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ የመጣልኝ ያኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ መተማ ቆላ ውስጥ የእኛ ቤተሰብ በሞተር የተነሳ ለሁለት የተከፈለ ነበር። አባቴና ታናሽ ወንድማቸው አያ ደሳለኝ ጎን ለጎን ሰሊጥ ያርሱ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ፒክአፕ ነበራቸው። የአባቴ ቱርቦ የሌለው፣ አየሩን በራሱ አቅም ብቻ የሚስብ አሮጌ ሞተር ሲሆን፣ የአጎቴ ግን ቱርቦ ያለው፣ በሚወጣው ጭስ ግፊት ተጨማሪ አየር እየጠቀጠቀ ዳገት ላይ የሚያፏጭ ነበር። አባቴ "በሰው ትንፋሽ የሚሮጥ" እያሉ ሲያሽሟጥጡት፣ አያ ደሳለኝ ከሱዳን ነጋዴዎች በለመዷት ቃል "ተማም" ብለው ያልፉታል፤ ሁሉም ደህና ማለት ነው። የአጎቴ መኪና ነዳጁ ሲረገጥ ለአፍታ እንደሚያስብ ሰው ዝም ይልና፣ ከዚያ ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር እያጣበቀ ይስፈነጠራል። ፍርዴ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ቱርቦ ይበልጣል። አባቴን ከድቼ ሁልጊዜ ከአጎቴ ጋር የምሳፈረውም ለዚሁ ነበር።

ነገሩ ግን የወሬ ብቻ አልነበረም። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬ የያዘው ቆብ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ሸሕዲ ከተማ ላይ በጠዋት ይቆማሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ባለ እርሻ ይጭናቸዋል፣ የዘገየ ባዶውን ይመለሳል። በዚያ ዓመት የወረደው ሰው ጥቂት፣ የሁለቱም ማሳ ደግሞ እኩል የደረሰ ነበር። ወንድማማቾቹም ቀድሞ የደረሰ ይጫን ተባብለው እኩል ተነሱ።

ዳገቱ ላይ አባቴን ጥለናቸው ሄድን። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ወዘወዙት፤ ሰላምታ ይሁን ቁጣ እስካሁን አላወቅሁም። እኔ በደስታ ወንበሩ ላይ ስዘል፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ቀብር የሚሄዱ ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ወደ መንገዱ ወጡ።

በእኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ መኪና ዳር ይዞ ሞተሩን ያጠፋል፣ ሹፌሩም ወርዶ ይቆማል። መካኒኩ ደግሞ አጎቴን ደጋግሞ አስጠንቅቋቸዋል፤ በኃይል ተነድቶ የመጣ ቱርቦ ትንሽ በዝግታ ሳይሠራ ድንገት ከጠፋ፣ ዘይቱ ውስጡ ይቃጠልና ያበቃለታል። የአያ ደሳለኝ እጅ ቁልፉ ላይ ቆየ።

"አያ፣ ቱርቦው" አልኋቸው።

"ዝም በይ ልጄ፣ ሰው እያለፈ ነው" አሉና አጠፉት።

ሟቹን አናውቀውም ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው መንገዱ ዳር ቆሙ፤ የጋለው ብረት ጠቅ ጠቅ ሲልና ቄሶቹ ሲያዜሙ ብቻ ይሰማል። አባቴም ከኋላችን ደርሰው አጥፍተው ወረዱ። አስከሬኑ አልፎ አያ ደሳለኝ ሞተሩን ሲያስነሱት ፉጨቱ ወደ ሲቃ ተለወጠ፣ ሰማያዊ ጭስ ሸፈነን፣ ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። መካኒኩ በኋላ ቱርቦው ቀድሞም ደክሞ ነበር ብሏል። አጎቴ ግን በዚያች ሰዓት "ተማም" ማለት አቃታቸው፤ ዓመት የለፉበት ሰሊጥ ማሳ ላይ ሊፈስ ነው።

የአባቴ አሮጌ ሞተር በአንድ ቁልፍ ተነሳ። መንገዱ ክፍት፣ ውድድሩም የእሳቸው ነበር። አጠገባችን ሲደርሱ አቆሙና በሩን ከፈቱልን። ሸሕዲ ስንደርስ ለአንድ ማሳ የሚበቃ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ አጫጆቹን ጭነው በቀጥታ ወደ ወንድማቸው ማሳ ነዱ። አያ ደሳለኝ አይሆንም ብለው መሪውን ሊይዙ ሲታገሉ፣ አባቴ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ "ሳታጠፋ አልፈህ ቢሆን ኖሮ እኔም አላቆምልህም ነበር" አሏቸው። የእኛን ሰሊጥ ግማሹን ወፍ ለቀመው፤ እናቴም እስከ ፋሲካ አባቴን አኩርፈው ከረሙ።

ዛሬ ክርክሩን ቱርቦ አሸንፏል፤ አባቴ በሕይወት ኖረው ባበሸቅኋቸው። እኔም የምነዳው ቱርቦ ነው፣ አያያዙንም አሳምሬ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በአጎቴ ቀብር ግን መኪኖቹ ከአስከሬኑ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሱና ሞተራቸው እየሠራ በዝግታ ያልፉ ነበር፤ ጥሩምባ ያልነፋው እንደ ጨዋ ይቆጠራል። አንድ ጭነት መኪና ብቻ ዳገቱን እያፏጨ ወጥቶ ዳር ያዘ፤ ወጣቱ ሹፌር ወዲያው አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው። ትንሽ ሳታበርደው አታጥፋ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውሁት። አያ ደሳለኝ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጸጥታ ያለፉት በእሱ መኪና አጠገብ ብቻ ነበር።